ይጥፋ የሚለው ቁልፍ

ሥራዬን ስናገር ሰው ይስቃል። ስልክ ላይ የምታዩዋቸውን አጫጭር ቃላት የምጽፈው እኔ ነኝ። «ቀጥል»፣ «ተመለስ»፣ «ላክ»። «እሱ ደግሞ ሥራ ነው? ስልኩ ራሱ አይደል እንዴ የሚጽፈው?» ይሉኛል። አይደለም። አንድ ቃል ይዛ ስትከራከር የምትውል፣ ምሳዋ የሚቀዘቅዝባት፣ ደሟ የሚፈላ ሴት ናት የምትጽፈው። አሁን የምነግራችሁም ስለ አንድ ቃል ነው። ቃሉ አባቴን ምን እንዳደረገው ልንገራችሁ።

መሥሪያ ቤታችን ከጫማ መደብር በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። መስኮቷ በወጉ አይዘጋም፤ ከሥር የማስቲሽ ሽታ ይመጣል፤ ሁላችንም ራሳችንን እያመመን እንሠራለን። የምንሠራው የመልእክት መላላኪያ ነው፤ ልዩነቱ የተቆለፈ መሆኑ ነው። የምትልኩት ነገር ከስልካችሁ ሳይወጣ ይቆለፋል፤ የሚከፈተውም የላካችሁለት ሰው ስልክ ላይ ብቻ ነው። መሐል ላይ ያለነው እኛ ብናየው እንኳ የተበተነ ፊደል ነው የምናየው። ይህን የፈጠረው አንድ ዝምተኛ ፕሮግራመር ነው፤ «ቆላፊው» እንለዋለን። ቆላፊው ምሳውን ሲበላ እንኳ ጀርባውን ለሰው ሰጥቶ ነው። ሥራው ግን ንጹሕ ነው። እሱ የቆለፈውን እሱ ራሱ አይከፍተውም።

ታዲያ ማንም አልፈለገውም። የመጀመሪያው ማስታወቂያችን ፊቱ የማይታይ፣ ኮፍያ ያጠለቀ ሰውዬና አንድ ትልቅ ጓጉንቸር ነበር፤ ከሥሩ «ኢንክሪፕሽን» የሚል፣ መቆለፉን ለማለት የገባ የፈረንጅ ቃል በደማቁ። ቤት ወስጄ ለአባቴ አሳየሁት። አየት አደረገና «የምትሸጡት ሌባውን ነው ጓጉንቸሩን?» አለኝ። በማግሥቱ የሰፈሩን ሰው እየጠራሁ አስሞከርኩ። ፀጉር አስተካካዩ «ኢንክሪፕሽን የምን ሕመም ነው?» አለ። ልብስ ሰፊዋ «ሌባ ይፈራዋል?» አለች። ጡረታ የወጣችው አስተማሪ ደግሞ መነጽሯን አውልቃ «የኔ ልጅ፣ እኔ የምደብቀው ነገር የለኝም» አለችኝ። ይቺን ዓረፍተ ነገር ከዚያ በኋላ ስንት ሰው እንደነገረኝ አትጠይቁኝ። ሁሉም የሚደብቀው የለውም። ቆላፊው ስለ ሰላዮችና ስለ ሒሳብ ሊያስረዳቸው ሲነሣ ሁሉም ሰዓቱን ያያል።

በዚህ መሐል እናቴ ታመመች።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሲኒማ ቤት ፊልም አጫዋች ነበር። እናቴ እዚያው ትኬት ትቆርጥ ነበር። በዚያች በትንሿ የመስኮት ቀዳዳ ስታወራ ስለኖረች ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ድምፅ ነው። እኔም ድምፄ ወደ እሷ ይሄዳል ይባላል፤ ስልክ ሳነሣ ዘመዶቻችን «ደህና ነሽ እቴ?» ብለው ወሬያቸውን ይጀምሩ ነበር፤ እስኪበቃቸው ሰምቼ «ልጅቷ ነኝ» እላቸዋለሁ።

ሆስፒታል ስትተኛ ክፍሉ አልጋ በአልጋ ነበር። ሰው መጠየቂያው ሰዓት ሲያልቅ አባቴን ያስወጡታል፤ እሱ ግን ቤት አይሄድም፤ ግቢው ውስጥ ካለችው የውኃ ቧንቧ አጠገብ ይቀመጣል። እንዲደዋወሉ ብናደርግ እናቴ አልሆነላትም። ጎን ያለችው በሽተኛ ጆሮዋ ረጅም ነው። እኔ ያንን የመሥሪያ ቤቴን ነገር ሁለቱም ስልክ ላይ ጫንኩላቸው። አንሶላውን እስከ ራሷ ተሸፋፍና ድምፅዋን ቀድታ ትልክለታለች፤ እሱ ቧንቧው ጋ ሆኖ ጆሮው ላይ ለጥፎ ይሰማል።

በመጀመሪያው ቀን አላመነችኝም። «ሌላ ሰው ይሰማዋል?» አለችኝ።

«አይሰማም።»

«አንቺስ?»

«እኔም አልሰማም።»

«ያ ጀርባውን ሰጥቶ የሚበላው ልጅስ?»

«እሱም አይችልም፤ እማዬ ትሙት» አልኳት። ለራሷ በራሷ ማልኩላት። አፍ ልማድ ነው፤ ከሕፃንነቴ ጀምሮ በእሷ ነው የምምለው። ሳቀችና «ገና ነኝ፣ አትቸኩይ» አለችኝ።

አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። የላከችው ነገር እሱ ከሰማው በኋላ ከእሷ ስልክ እንዲጠፋ። ስታንቀላፋ ሰው ስልኳን ቢያነሣስ? አስተካከልኩላት። ስለዚህ እናቴ ያለችው ሁሉ ያለው አንድ ቦታ ነው፤ አባቴ ስልክ ላይ።

እናቴ ሞተች። እንዴት እንደሞተች ማውራት አልወድም። ሞተች። እኔ ዕቃዬን ሰብስቤ ወደ አባቴ ቤት ተመለስኩ። አባቴ ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ጋ ቆሞ ጢሙን ሲላጭ ስልኩን ጆሮውና ትከሻው መሐል ያስገባል። ግማሽ ፊቱ አረፋ ሆኖ ፈገግ ይላል። አንዳንዴ ምላጩን ያቆምና «እንዴ፣ እሱንማ ሠራሁት እኮ» ብሎ ይመልስላታል። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ድስት አንኳኳለሁ፤ እየሰማሁ እንዳልሆነ እንዲያውቅ።

ታናሽ እህቴ ግን እንደኔ አይደለችም። ፊት ለፊት ነው የምትጠይቀው። አንድ ቀን መጥታ «አባዬ፣ አንዷን ብቻ ላክልኝ፤ ድምፅዋ ናፈቀኝ» አለችው።

«ለኔ ነው ያለችው» አላት።

«ምን አለችህ?»

«የኔና የሷ ነው።»

«በዚህ ዕድሜያችሁ ደግሞ ምን የምትደብቁት ነገር አለ?»

አባቴ ቁጣ አያውቅም። ያን ዕለት ግን ስልኩን ኪሱ ከተተና «እደብቃለሁ አልኩሽ? የኔና የሷ ነው አልኩሽ እንጂ» አላት። እህቴ አኩርፋ ሄደች። እኔ እዚያው ከነድስቴ ቆሜ ቀረሁ።

በማግሥቱ መሥሪያ ቤት ገብቼ ያንን ኮፍያ ያጠለቀ ሰውዬ ከግድግዳው ላይ ገነጠልኩት። የመላላኪያውን ስም «ጓዳ» አልነው። ማስታወቂያው አንድ መስመር ሆነ፤ «የሁለታችሁ ነው።» በቃ። ኢንክሪፕሽን የለ፣ ሰላይ የለ። ቆላፊው «ይሄ እኮ ስለ ቁልፉ ምንም አይልም» ብሎ አጉረመረመ። «ዝም በል፣ ስለ ቁልፉ ማን ግድ አለው» አልኩት። ፀጉር አስተካካዩ በሳምንቱ ለእጮኛው አስጫነላት። ልብስ ሰፊዋ ከእህቷ ጋር ስለ አማቷ የምታወራበት ቦታ አገኘች። አስተማሪዋ እንኳ «ለልጄ የምነግረውን ጎረቤቴ ምን አገባት» አለች። ነገሩ በሰው በሰው ሄደ። አለቃችን ደስታው ልክ አጣ፤ ቆላፊውን አቅፎ ሊያነሣው ሞክሮ ወገቡን አመመው። ያ ሁሉ የመጣው ከአባቴ አፍ ነው፤ ለራሱ ግን ነግሬው አላውቅም።

ከዚያ ወደ ቁልፎቹ መጣን። «ቁልፍ» ራሱ መከራ ነው። አንዱ ገጽ «ቁልፉን ይጫኑ» ይላል፤ ሌላው «ቁልፍዎን ለማንም አይስጡ» ይላል። ልብስ ሰፊዋ ግራ ገብቷት «ተጭኜው ነው የማልሰጠው?» አለችኝ፤ እሷ ዘንድ ቁልፍ ማለት የሸሚዝ ነው። እሱን እንደምንም አለፍነው። ያቃተን መልእክት የሚሰረዝበት ነው። ቆላፊው ሁሉም ነገር በአንድ ንክኪ እንዲወድም ይፈልጋል፤ ሰው ስልኩን ሊቀማ ይችላል ባይ ነው። እሺ፣ ምን ተብሎ ይጻፍ? «ሰርዝ» አልን፤ አስተማሪዋ የፈተና ወረቀት መሰላት። «ደምስስ» አልን፤ ጦርነት ሆነ። ሰው በአፉ የሚለው «አጥፋ» ነው፤ «አጥፋ» ግን ለወንድ ነው። ለሴት ስንገለብጠው «አጥፊ» ሆነ። ልብስ ሰፊዋ ስልኩን ከፊቷ አራቀችና «አጥፊ ነው የሚለኝ? ምን አጠፋሁ?» አለች። «ያጥፉ» ስንል ደግሞ ወጣቶቹ «አያቴን ነው የሚያናግረው» ብለው ሳቁብን።

ማታ እራት ላይ ይህን ለአባቴ እያማረርኩ አወራሁት። የተቀቀለ ድንች እየላጠ ነበር። ዓይኑን ሞራ ጋርዶት ስለነበር በጣቱ ነው የሚልጠው ማለት ይቻላል። «ማንን እንደምታዢ ካላወቅሽ ሰውየውን ተይውና ነገሩን እዘዢው» አለኝ። «እኔ ፊልም ሊጀመር ሲል ምን ነበር የምለው? መብራት ይጥፋ። ማንን ነው የማዘው? በረኛውን? እናትሽን? መብራቱን ነዋ። ይጥፋ በይው።»

ተነሥቼ ግንባሩን ሳምኩት። «ይጥፋ»። ሴት የለው፣ ወንድ የለው፣ ሽማግሌ የለው፣ ወጣት የለው። ጠዋት መሥሪያ ቤት ይዤው ስገባ አለቃችን አጨበጨበ።

የቀረችው የቆላፊው ዓረፍተ ነገር ናት። ቁልፉን ስትነኩ አንድ ገጽ ይመጣ ነበር፤ «ይህ አንዴ ከጠፋ ማንም፣ እኛም ጭምር፣ ልንመልሰው አንችልም» የሚል። ቆላፊው የሚኮራባት እሷን ነው። ሰዎቹ ግን እሷ ጋ ሲደርሱ ስልኩን መልሰው ይሰጡኛል። ፀጉር አስተካካዩ «እኔ ቀልድ ልልክ ነው እንጂ ልሞት ነው እንዴ?» አለ። አባቴም ጮክ ብዬ ሳነብለት «ሰው ገና ሰላምታ ሳይለዋወጥ ኑዛዜ ታስነብቡታላችሁ» አለኝ። ቆላፊው ለመነ። ያን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። «እሷን ካወጣችሁ እውነቱን ደብቀናል» አለ። አለቃችን «ሰው አታስፈራሩ» አለና ነገሩን ቆረጠው። በዓረፍተ ነገሯ ቦታ «ይጥፋ?» የሚል ጥያቄ ገባ፤ መልሱ «አዎ» ወይም «ይቆይ»። አጭርና ጨዋ። አዲሱ ጓዳ ሲወጣ መጀመሪያ የጫንኩት አባቴ ስልክ ላይ ነው፤ እንዲያነበው ፊደሉን ተለቅ አድርጌ።

ከዚያ የዓይኑ ቀን መጣ። ሐኪሙ ሞራውን ሊያነሣለት ነው። አባቴ ጢሙን ተላጭቶ፣ ሸሚዙን ለብሶ፣ ለሠርግ እንደተጠራ ሰው ቀድሞኝ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። የዓይን ክሊኒኩ ግድግዳው ሁሉ ነጭ ነው፤ ወንበሮቹ ቂጥ ያንሸራትታሉ። እኔ መስኮቱ ጋ ወረቀት ስሞላ እሱ ተራው እስኪደርስ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ተቀምጦ ነበር። ዞር ብዬ አየሁት፤ ፈገግ ብሏል። ፈርቶ እንደነበር አውቃለሁ፤ ሲፈራ እሷን ነው የሚሰማው።

ነርሷን አልወቅሳትም። ጥሩ ልጅ ናት፤ እጁን ይዛ ነው ያስነሣችው። ነርስ ሁሉ የሚለውን ነው ያለችው።

«አባባ፣ ስልክ ይጥፋ እሺ? ከዚያ ለኔ ይስጡኝ።»

አባቴ ስልኩን ከጆሮው አውርዶ ወደ ዓይኑ አስጠጋው። ትንሽ ነካካው። ሰጣት። ገባ። ይህን ሁሉ ከመስኮቱ ሆኜ አየሁ፤ ምንም የሚያሠጋ ነገር አልነበረውም።

ሲወጣ አንድ ዓይኑ በነጭ ፋሻ ተሸፍኖ ነበር። ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ ጋደም ብሎ ይቀልዳል። «እናትሽ አንድ ዓይና ሆኜ ብታየኝ ትኬት አትቆርጥልኝም» አለኝ። ሳቅሁ። ነርሷ ስልኩን አምጥታ ሰጠችኝ። «በይ እስቲ አብሪልኝ» አለኝ፤ «አጥፍቼዋለሁ። አንዷን ክፈቺና ጆሮዬ ላይ አድርጊልኝ፤ አንቺ ግን ውጪ።»

ስልኩ በርቷል። ጭራሽ አልጠፋም ነበር። ጣቴ ሲነካው መስተዋቱ ቦግ አለ። ጓዳ ተከፍቷል፤ የእናቴ ስም ያለበት ገጽ ነው፤ ከስሟ ሥር ነጭ ነው። ወደ ላይ ገፋሁት። ወደ ታች ሳብኩት። ነጭ።

«ምነው?» አለኝ።

«እዚህ ኔትዎርክ የለም፤ መጣሁ» ብዬ ወጣሁ።

ኮሪደሩ ጫፍ መስኮት ሥር ቆሜ ቆላፊው ጋ ደወልኩ። ነገርኩት።

«አባትሽ ይጥፋን ተጭነው ነው?» አለኝ።

«ነርሷ ስልክ ይጥፋ አለችው። ይጥፋ የሚለውን ተጫነ። ይጥፋ ሲለው አዎ አለ። ምን ያድርግ?»

«ቁልፉም አብሮ ነው የሚጠፋው» አለ። «የለም። የትም የለም።»

«እኛ ጋ ያለው የተበተነው ፊደልስ?»

«ያለ ቁልፉ ትርጉም የለውም።»

ያኔ ጮኽኩበት። አላፊ አግዳሚው ዞሮ እስኪያየኝ ጮኽኩ። ሰው ቤት ሲሠራ የኋላ በር ይተዋል አልኩት። አንድ ቀን የሚቸግረው ሰው ይኖራል ብለህ እንዴት አታስብም፣ ዕድሜህን ሙሉ ጀርባህን ሰጥተህ ተቀምጠህ ይህንን ነው ወይ የሠራኸው አልኩት። የማይባል ነገር ተናገርኩት። ታግሦ ሰማኝና «የኋላ በር ቢኖረው ኖሮ» አለ፤ ድምፁ ተሰብሯል፤ «እናትሽ አትናገርም ነበር። አንቺ ነሽ የማልሽላት።» ስልኩን ዘጋሁበት። የዘጋሁበት እውነቱን ስለሆነ ነው።

ወደ ክፍሉ ከመመለሴ በፊት እህቴ ጋም ደወልኩ። የእማዬ ስልክ እሷ መሳቢያ ውስጥ ነበረ። ቻርጅ ላይ ሰክታ፣ ከፍታ፣ እያለቀሰች መልሳ ደወለችልኝ። ባዶ ነው። እናቴ እንዳለችው ነው የሆነው፤ እሱ የሰማው ሁሉ ከእሷ ስልክ ጠፍቷል። «አንዷን ብቻ ነበር የለመንኩት» አለች እህቴ። ሌላ አልጨመረችም።

አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተነሥቶ ተቀምጦ ነበር። እግሬን ሲሰማ እጁን ዘረጋ። ስልኩን ሰጠሁት፤ ምን ላድርግ። እግሩ ሥር ቁጢጥ ብዬ ነገርኩት። ይጥፋ የሚለው ስልኩን የሚያጠፋ አይደለም፣ አባዬ። መልእክቱን ነው የሚያጠፋው አልኩት። የእማዬን ሁሉ።

«እኔ እኮ ስልኩን ነው ያጠፋሁት» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«ልጅቷ ይጥፋ አለችኝ። እዚያ ላይም ይጥፋ ይላል። ተጫንኩት።»

«አውቃለሁ፣ አባዬ።»

ትንሽ አሰበ። ከዚያ ፊቱ ፈታ አለ፤ መፍትሔው ትዝ ያለው ሰው ሆነ። ያንን ፊቱን እስክሞት አልረሳውም። ስልኩን ባልተሸፈነው ዓይኑ ላይ አስጠግቶ በጣቱ መስተዋቱን ከላይ እስከ ታች መዳሰስ ጀመረ።

«እሺ፣ ጠፋ እንበል» አለኝ። «የጠፋ ይበራ የለ? እኔ ፊልሙ ሲያልቅ መብራት ይብራ እላለሁ፤ ይበራል። ይብራ የሚለው የቱ ጋ ነው?»

ጣቱ እየሄደ ነው። ጥግ ጥጉን ይነካል፣ ይጠብቃል፣ ሌላ ጥግ ይነካል። «ፊደሉን አሳንሰሽው ይሆናል» አለኝ። እጁን ያዝኩት። ያዝኩት እንጂ አላስቆምኩትም፤ በእጄ ውስጥ ሆኖ ጣቱ ይፈልግ ነበር።

«ይብራ የሚል አልሠራንም፣ አባዬ» አልኩት።

ቤት ተመለስን። ፋሻው ሲነሣ ዓይኑ እንደ ልጅ ዓይን ጠራ። ሐኪሙ «አሁን ሁሉንም ያያሉ» አለው፤ እሱም አመሰገነ። ጠዋት መስኮቱ ጋ ቆሞ ይላጫል፤ ትከሻውን ግን ከፍ አድርጎ፣ አንገቱን ወደ ጎን አጋድሎ፤ ስልክ የያዘ ይመስል። ምንም አልያዘም። እኔም ድስት ማንኳኳት ትቻለሁ።

አንድ ቀን እንዲሁ ሲላጭ ሳይዞር «ያ ቃል የኔ ነው አይደል?» አለኝ።

«የቱ?»

«ይጥፋ።»

«አይደለም። መሥሪያ ቤት ነው ያወጣው» አልኩት።

«እሺ» አለ። እንደዋሸሁት አውቋል። መዋሸት አልችልበትም፤ እናቴም ብትሆን ትይዘኝ ነበር።

መሥሪያ ቤት ያቺ የቆላፊው ዓረፍተ ነገር ተመልሳለች። እኔ ነኝ ያስመለስኳት፤ አለቃችን አንድ ቃል ሊተነፍስ ሲል ዓይኔን አይቶ ተወው። «ይጥፋ»ም ተነሥቷል። ጓዳ አሁንም ሰው ይወደዋል። ፀጉር አስተካካዩ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «እግዜር ይስጥሽ፣ ትዳሬን ያቆምሽልኝ አንቺ ነሽ» ይለኛል፤ ፈገግ ብዬ አልፋለሁ።

ሰንበትበት ብሎ አባቴ ጠራኝ። ሳሎን ተቀምጦ ነበር፤ መጋረጃውን ዘግቶታል። አጠገቡ እንድቀመጥ ወንበሩን መታ መታ አደረገ።

«ያለችኝን ሁሉ አውቀዋለሁ» አለኝ። «ቃል በቃል ነው የማውቀው። እሱ አልጠፋብኝም። ድምፅዋ ነው። ትናንት ስፈልገው አጣሁት። ቃሉን ሳስበው በራሴ ድምፅ ይመጣብኛል።»

ወንበሬን ወደሱ አስጠጋሁ።

«ያንቺ ድምፅ ወደሷ ይሄዳል ይሉ ነበር» አለኝ። አፈረ፤ ዓይኑን ከኔ አነሣ። «አንዲት ነገር ልንገርሽና ትይልኛለሽ?»

ጆሮዬ አጠገብ ጎንበስ ብሎ ነገረኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት፤ ውስጧ እናቴ እሱን የምትጠራበት ስም አለ፤ በዕድሜዬ ሰምቼው የማላውቀው ስም። ለእህቴ የከለከላትን፣ ለማንም ያልሰጠውን ለኔ ሰጠኝ፤ ድምፅዋን ያገኝ መስሎት። ምን እንዳለችው አልነግራችሁም። የሁለታቸው ነው።

አባቴ ሁለቱንም ዓይኖቹን ጨፈነ። እኔ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ፤ በመስኮት ቀዳዳ እንደምታወራ፣ ለአንድ ሰው ብቻ እንደሚበቃ አድርጌ፣ ስሙን ጠርቼ አልኩት።

ደግመሽ በይው አለኝ። ደገምኩት።

«አይደለም» አለ ቀስ ብሎ። ዓይኑን ሲገልጥ ያየኝ እኔን ነበር፤ በዚያ በጠራው ዓይኑ። እጄን መታ መታ አደረገና «ተይው ልጄ፣ ደክሞሻል፤ ሂጂ ዕረፊ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ጠይቆኝ አያውቅም።